ከአውቶቡሱ ያልወረደችው ሴት

ሴትየዋ ከአውቶቡሱ አልወርድ ካለች ሰንብታለች። አውቶቡሱ ቆሟል፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ ሰውየው ጃንጥላውን ዘርግቶ ፌርማታው ላይ ይጠብቃል፤ እሷ ግን ከመቀመጫዋ ተነስታ ብረቱን እንደያዘች ቀርታለች። ያስቀረቻት ደራሲዋ ናት። ደራሲዋ ደግሞ ወንበሯን ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ጋር አጣብቃ፣ ጆሮዋን ለጥፋ ተቀምጣለች። እናቷ ድንች እየላጡ ያዩዋታል፤ ባዩዋት ቁጥር ልጣጩ እየወፈረ ሄዷል።

ከግድግዳው ወዲያ ዘፋኙ ይኖራል። ልጅቱ የፍቅር ልብ ወለድ መጻፍ ከጀመረች ወዲህ ያለ እሱ አንድ ገጽ አይሞላላትም። የመጀመሪያው መጽሐፏ የተወለደው በሬዲዮ ከሰማችው ዘፈኑ ነው። በዘፈኑ ውስጥ አንዲት ልብስ ሰፊ ለማታውቀው ሰው ሸሚዝ ትሰፋለች፤ ልጅቱ ሸሚዙን ለባለቤቱ ለማድረስ ልብስ ሰፊዋን መጽሐፍ ሙሉ አስኬደቻት። ሁለተኛውም እንደዚያው። የአሁኑ ግን የባሰ ነው፤ ዘፈኑ ገና አላለቀም። ዘፋኙ ጠዋት ጠዋት ጊታሩን ይዞ ይሞክረዋል፣ አንድ ቦታ ሲደርስ ይቆማል፣ ይስላል፣ ወንበር ይጎትታል፣ ከዚያ ደግሞ ከመጀመሪያው።

«አውቶቡሱ ደረሰ...» አለ ዘፋኙ ከግድግዳው ወዲያ።

ልጅቱ እስክሪብቶዋን አነሳች።

«...በሩም ተከፈተ...»

ዝም።

ልጅቱ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ኧረ ጨርቄን ልጥል ነው!» አሉ እናት። «አንቺ ራስሽ ለምን አታወርጃትም? እግር አላት አይደል?»

«ወርዳ ምን ትበለው እማዬ? ዘፈኑ ሳያልቅ በምን ልወቀው?»

«አሳታሚው አርብ ብሏል።»

«ሰምቻለሁ።»

«አርብ ካልደረሰ ተራሽን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ፣ ሁለተኛም እኔ ጋ እንዳትመጣ ነው ያለው። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው።»

«ዝም በይልኝ በናትሽ፣ ሊጀምር ነው!»

እናት ሌላ ድንች አነሱ። ልጅቱ ደህና የቢሮ ሥራዋን ትታ ቤት የተቀመጠችው ለዚህ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ከቀረ የሚጠብቃት የድሮ አለቃዋ ፊት ቆሞ ይቅርታ መለመን ነው። ያ ሰው በወንበሩ ላይ ተለጥጦ ሲስቅባት ገና ካሁኑ ይታያቸዋል።

«ሂጂና ጠይቂዋ» አሉ መልሰው። «መሀላችሁ ያለው እኮ አንድ ግድግዳ ነው።»

«ምን ብዬ? ‹ዘፈንህን እየሰረቅኩህ ነው፣ ቶሎ በልልኝ› ልበለው? ደረጃ ላይ ሳገኘው እንኳን ቀና ብዬ ማየት ያሳፍረኛል።»

እናት ቢላዋውን ድንቹ ላይ ሰክተው ተነሱ። የቤት ጫማቸውን እንደተጫሙ ወጡ፣ የጎረቤቱንም በር በመዳፋቸው ደበደቡ።

ዘፋኙ ጸጉሩን ሳያበጥር፣ ጊታሩን በአንገቱ እንዳንጠለጠለ ከፈተ።

«እማማ! በሰላም ነው? ጩኸቴ በዛ እንዴ?»

«የምን መብዛት! አነሰ እንጂ። ለመሆኑ ይህቺ ሴት መቼ ነው የምትወርደው?»

ዘፋኙ ሲሰርቅ እንደተያዘ ልጅ ደነገጠ።

«እሱን... እኔም ልጅዎን እየጠበቅኩ ነው» አለ።

«ልጄን?»

«ስትጽፍ ጮክ ብላ ታነባለች እኮ። ግድግዳው እንደሆነ ወረቀት ነው። ሁለተኛውን መጽሐፏን ገዝቼ ሳነበው ዘፈኔን አገኘሁት፤ እኔ ጋ ከነበረበት እሷ ጋ አምሮበታል። ከዚያ ወዲህ የምታነበውን እየሰማሁ ነው የምዘፍነው። ታዲያ ይሄው ስንት ቀኗ፣ ሴትየዋን አላወረደቻትም። እኔ በምን ላውርዳት?»

«እና ቀድሞ ያሳፈራት ማን ነው?»

«ልጅዎ ናታ!»

«እሷ አንተ ነህ ነው የምትለው!»

እናት የበሩን መቃን ተደገፉ።

«እናንተ ሰዎች ምን ሆናችኋል? አንዱ አንዱን ሰረቅኩት ብሎ አፍሮ፣ ሕዝብ የጫነ አውቶቡስ መንገድ ላይ አግታችሁ! ሹፌሩስ ቤት የለውም?»

«ይቅርታ እማማ።»

«ይቅርታህ አያወርዳትም። ዝም ብለህ አንድ ነገር ዝፈንላት።»

«ያላመንኩበትን መዝፈን አልችልም።»

«አልችልም ይለኛል እንዴ!» አሉና እጃቸውን አወናጨፉ። «ምን አስቸጋሪ ነገር አለው? ሰውየው የሚጠብቀው በኋለኛው በር ነው። እሷ በፊተኛው ትወርዳለች። ከጀርባው ቆማ ታየዋለች፤ እሱ የወረደውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን ያያል። ጃንጥላውን ስትወርድ እንዳትረጥብ ብሎ በሩ ላይ ዘርግቶ፣ ራሱ ዝናብ ወርዶበት በስብሷል። የመጨረሻው ሰው ወርዶ በሩ ሲዘጋ ትከሻው ውድቅ አለ። በቃ፣ ያን ጊዜ ነው የወደድኩት።»

ዘፋኙ ጊታሩን ከአንገቱ አወረደ።

«ከዚያስ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ከዚያማ ‹ጃንጥላህን ለማን ነው የዘረጋኸው?› አልኩት። ያን ጊዜ ነው የዞረው። ዕድሜ ልኩንም የኋላ በር ሲያይ የኖረ ሰው ነው፣ ነፍሱን ይማረው። አሁን ግባና ዝፈን፤ እኔ ድንቼን ጥጄ ነው የመጣሁት» አሉ፤ ድንቹ ገና ተልጦ እንኳን አላለቀም ነበር።

ተመልሰው ቢላዋቸውን እንዳነሱ ግድግዳው መዝፈን ጀመረ። አውቶቡሱ ደረሰ፣ በሩም ተከፈተ። እናት እጃቸው ቆመ። ልጅቱ እስክሪብቶዋን አነሳች።

«ሰው ሁሉ ወረደ፣ በሩም ተዘጋብህ፤
የጠበቅካት እኔ፣ ቆሜያለሁ ከኋላህ።»

ልጅቱ እንደ እብድ ትጽፍ ጀመር። ድንቹ ተላጠ፣ ተቀቀለ፣ ቀዘቀዘ፤ እሷ ቀና አላለችም። ሲደክማት ወረቀቶቹን ሰብስባ ቆመች።

«ስሚ እማዬ! እንዲህ ያለ ነገር ከየት ያመጣዋል? ይህ ሰው ፍቅር ያውቃል» አለችና ማንበብ ጀመረች። መብረቅ ነበረበት። ሴትየዋ የሐር ሻሽ አድርጋለች፣ ሽቶዋ ከነፋሱ ጋር ይመጣል። ሰውየው እንደ ባሕር ዛፍ የረዘመ፣ ደረቱ የሰፋ፣ ዓይኑ እንባ ያቀረረ ነው።

እናት እስከ መብረቁ ታገሡ። ሽቶውንም እንደምንም ዋጡት። ባሕር ዛፉ ላይ ግን አቃታቸው።

«ረጅም አልነበረም።»

«ማን?»

«ሰውየው።»

«እማዬ፣ ዘፈኑ ስለ ቁመት ምንም አላለም እኮ።»

«አባትሽ አጭር ነበር አልኩሽ! ሐር የሚባል ነገርም አልነበረኝም፤ የለበስኩት የእህቴን ሹራብ ነው፣ እጅጌው እዚህ ድረስ የሚረዝም!»

ልጅቱ ወረቀቱን እንደያዘች ቀረች። እናቷን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ ተመልሳ እናቷን አየች። ነገሩ ቀስ እያለ ገባት።

«ይሄ... አንቺና አባዬ ናችሁ?»

«ሌላ ማን ይሆናል?»

«ለምን ነግረሽኝ አታውቂም?»

«መች ጠይቀሽኝ! ጆሮሽን እዚያ ለጥፈሽ እኔ በየት በኩል ልግባ? የገዛ ባሌን ታሪክ ለጎረቤት አውርቼ፣ በዘፈን ለልጄ ይድረስላት?» ድምፃቸው ሊሰበር ሲል ተቆጥተው አዳኑት። «አሁን ዝም ብለሽ ስጪው፣ አርብ ደርሷል። ረጅምም ይሁን፣ እንዳሻው ይሁን!»

ልጅቱ ወንበሯን ከግድግዳው ነቅላ ወደ እናቷ አዞረች። ባሕር ዛፉን ሰረዘች። መብረቁንም ሰረዘች።

«ምን መሰረዝ ነው ደግሞ! ያልቃል ስል ልትጀምሪ?»

«ይደርሳል እማዬ። ምን ዓይነት ኮት ነበር የለበሰው?»

«እኔ በምን አውቄ! በዚያ ዝናብ ማን ኮት ያያል?» አሉ እናት። የቀዘቀዘውን ድንች በሹካ ጨፈለቁ።

«ቡኒ ነበር» አሉ። «አንድ ቁልፍ የጎደለው። ጻፊው እንግዲህ፣ ምን ታዪኛለሽ?»