የታጠበው ናሙና

የሐይቁ ውሃ ምርመራ ላቦራቶሪ ኃላፊ ንጽሕና ይወዳል። ሠራተኞቹ ከጀርባው «አቶ ይብለጭለጭ» ይሉታል። ከሐይቁ የተለቀመ የፕላስቲክ ናሙና ሁሉ በሳሙናና በብሩሽ ተፈግፍጎ፣ ደርቆ፣ በየቀለሙ ተለይቶ የመስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ እንዲደረደር ያዘዘው እሱ ነው። እንግዳ ሲመጣ ያምራላ! ላዩ ላይ የተጋገረው አረንጓዴ ዝልግልግ በመታጠቢያው ቧንቧ ይወርዳል። ከዚያ የታጠበው ፕላስቲክ ይመረመርና ሪፖርቱ ላይ «ጀርም አልተገኘበትም» ተብሎ ይጻፋል። ታጥቦ ምን ሊገኝበት ኖሯል?

ስድስት ወር ሙሉ ስትፈገፍግ የከረመችው ደግሞ የላቦራቶሪዋ ባለሙያ ራሷ ናት፤ ያውም ሙያው ሳይጠፋት። ያ ዝልግልግ አንድ ሙሉ መንደር እንደሆነ ተምራለች። ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚሠራው፣ የጎረቤቱን ትራፊ የሚለቃቅመው፣ መድኃኒት የለመደው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ፣ ሁሉም አንዲት ጠርሙስ ላይ ተጠጋግቶ ይኖራል። ይህን እያወቀች «ከአለቃ ጋር ምን አጣላኝ» ብላ ዝም አለች።

የዝምታዋ ዳፋ ለታላቅ እህቷ ተረፈ። እህቷ ሐይቁ ዳር ፕላስቲክ እየለቀመችና እያጠበች ለፋብሪካ የምታስረክብ ሴት ናት። አንድ ቀን የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ጠርሙስ የቀኝ እጇን ጣት ሸረከታት። ጣቱ አበጠ፣ ቀላ፣ ከዚያም ጠቆረ። ሐኪሙ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ቢሞክር ጠብ የሚል ነገር ጠፋ።

«መድኃኒት ስለጀመረች ከቁስሏ ናሙና የሚበቅል ነገር አጣን» አላት ሐኪሙ ባለሙያዋን። «እሷ የምታጥበው ፕላስቲክ ላይ ምን እንደሚኖር ባውቅ የሚሆነውን መድኃኒት እመርጥ ነበር። እናንተ ጋ ይመረመር የለ? ፍጠኚ፤ ከዘገየን እጇንም አናተርፈው።»

ደሟ ፈላ፤ መጀመሪያ በራሷ ላይ፣ ቀጥሎ በዚያ በሚያብለጨልጭ ቁም ሳጥን ላይ። እህቷ ከምትሠራበት ቦታ ሄዳ ያልታጠበ ጠርሙስ አነሳች፤ በላስቲክ ቋጥራ፣ እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ኃላፊው ቢሮ ገባች።

«ጋሼ፣ ይሄ ሳይታጠብ ይመርመር። ቅጹ ላይ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

«ምን ነካሽ? ጀርም የለበትም ብለን ሪፖርት ልከናል እኮ! አሁን አለበት ብለን በገዛ እጃችን እንዋረድ?»

«እህቴ እጇን ልታጣ ነው!»

«እግዜር ይማራት። አሠራር ግን አሠራር ነው።»

እግዜር ይማራት! ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው! ላስቲኩን ፈታችና ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ፣ እዚያው የሪፖርቱ ቅጂ ላይ ዱብ አደረገችው። አረንጓዴ ውሃ ወረቀቱን አራሰው። ኃላፊው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ብድግ አለ።

«አንሺልኝ! ጓንት! ጓንት የታለ?»

«ጓንት ምን ሊሠራልዎት? ጀርም የለበትም ብለው የፈረሙት እርስዎ ነዎት። እህቴ ስምንት ዓመት በባዶ እጇ ይዛዋለች። እርስዎ እስቲ አንዴ ይያዙት!»

አልያዘውም። ጩኸቱን የሰሙ ሠራተኞች በሩ ላይ ተኮለኮሉ፤ አንዱ ሳቁ አመለጠው። እሷ ጠርሙሱን ሳታነሳ ቅጹን ወደ እሱ ገፋችው። ኃላፊው ጓንት አጥልቆ ፈረመ።

ባክቴሪያው እስኪበቅልና እስኪለይ ሦስት ቀን ፈጀ። ውጤቱን ይዛ ሆስፒታል እየሮጠች ደረሰች፤ ሐኪሙም ወዲያው መድኃኒቱን ቀየረ። የእህቷ እጅ ተረፈ። ጣቷ ግን በዋዜማው ተቆርጦ ነበር።

እህቷ የተጠቀለለ እጇን ትራስ ላይ እንዳሳረፈች ትክ ብላ አየቻት።

«አንቺ፣ እዚያ ላይ ያለውን የምታውቁ ከሆነ እስከ ዛሬ ምን ስትሠሩ ነበር?»

መዋሸት አማራት። አልቻለችም።

«ስናጥበው ነበር፣ እትዬ።»