ባላምባራስ በእግራቸው

ባላምባራስ ወልደጻድቅ እስከ አሰላ ገበያ እንኳ ያለ በቅሎ ሄደው አያውቁም። ተቀምጠው ይፈርዳሉ፣ ተቀምጠው ይበላሉ፤ እንዲህ ሲሉ ሰውነታቸው ከብዶ የደጃፋቸውን ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። ሐኪሙ ልባቸውን አዳምጦ፣ «በየማለዳው በእግርዎ ይሂዱ። አለዚያ የልጅዎን ሰርግ ማየትዎን እንጃ» አላቸው። ልጃቸው አበባ ለሁሩታው ግራዝማች ገብረ መድህን ልጅ ታጭታ፣ ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ሊደገስ ተቆርጧል። ባላምባራስ ፈሩ። በማግስቱ በእግራቸው ወጡ።

ሹም ከበቅሎ ሲወርድ ደግሞ አገር ዝም ብሎ አያይም። ያገኛቸው በቅሎኛ ሁሉ ለክብራቸው ይወርድና፣ አብሯቸው ጥቂት ተራምዶ «አይዞዎት» ይላቸዋል። ጎረቤታቸው ሁሴኖማ የገዛ በቅሎውን ጭኖ መጣ።

«ወላሂ፣ ከእርስዎ አትበልጥብኝም፤ ይውሰዷት። ሹመት ይመጣል፣ ይሄዳል።»

«ማን ተሻረ አለህ?»

ሁሴኖ በቅሎውን እየሳበ ተመለሰ።

ውሎ አድሮ ትንፋሻቸው መለስ አለ። ወሬው ግን ሁሩታ ገብቶ ኖሮ፣ ግራዝማች ነገሩን ሊያጣሩ እየመጡ ነው ተባለ። የባላምባራስ ባለቤት ወይዘሮ የሺሃረግ አለቀሱ።

«ዛሬን ብቻ በበቅሎ ይቀበሏቸው። ልጄን ጉድ አያድርጓት።»

ባላምባራስ በቅሎዋን አስጫኑ። እርካቡን ይዘው ብዙ ቆሙ፤ ልጃቸውም አሳዘነቻቸው፣ ነፍሳቸውም አሳሳቻቸው። በመጨረሻ በቅሎዋን አሽከር እየሳበ እንዲከተላቸው አዘው፣ በእግራቸው ቁልቁል ወረዱ።

ግራዝማች ሲያገኟቸው ምን ያድርጉ? አማቻቸው በእግር ቆመው እርሳቸው ከኮርቻ ላይ ሊያናግሩ ነው? ወረዱ። ሰላምታው ሲያበቃ ዳገቱን ጎን ለጎን ተያያዙት፤ ባላምባራስ እያወሩ፣ ግራዝማች እያለከለኩ። ብዙም ሳይርቁ ግራዝማች ድንጋይ ላይ ዘጭ ብለው ደረታቸውን ያዙ።

«በቅሎዎ ይቻት፤ አልተሻሩም» አሉ ትንፋሻቸው ሲመለስ። «ታዲያ ምን ነካዎት?»

ባላምባራስ ሐኪሙ ያላቸውን ሳይደብቁ ነገሯቸው። ግራዝማች አቀረቀሩ።

«እኔንም ይይዘኛል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ሁሩታ ላይ በእግሬ ብታይ ምን ይሉኛል?»

«ተሻሩ ይሉዎታል።»

«ይበሉ። ሰርጉን ልይ እንጂ፣ ሺህ ጊዜ ይሻሩኝ።»

ባላምባራስ እጃቸውን ይዘው አነሷቸው። እያረፉ ዳገቱን ጨረሱት፤ የተጫኑት በቅሎዎች ባዷቸውን ከኋላ ተከተሉ። አሰላ ሲገቡ ያያቸው ሁሉ፣ ሁለት ሹም ባንድ ቀን ተሻረ ብሎ ከንፈሩን መጠጠ።