የሦስት እርምጃ መንገድ

የውድድሩ ጥያቄ ሃያ ነበር። እኔና ተፎካካሪዬ ሰብለወንጌል አሥራ ዘጠኙን እኩል ለእኩል ተያይዘን ጨርሰናል። ሃያኛውን የመለሰች ደሴ ሄዳ አሥር ቀን የሳይንስ ሥልጠና ትወስዳለች። እዚያ ቴሌስኮፕ አለ። እኔ ዙሌይካ ሐሰን፣ ከሐይቅ ከተማ የመጣሁ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ እስከዚያ ቀን ሰማይን ያየሁበት ትልቁ መነፅር የአባቴ የማንበቢያ መነፅር ነው። በእሱ ደግሞ ጨረቃም ትደበዝዛለች።

የውጫሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከደሴ የመጡት ዳኛ አቶ ሽታው ወረቀታቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ «የብርሃን ዓመት የምን መለኪያ ነው?» አሉ። ልቤ በደስታ ዘለለ። ተራው የእኔ ነበር።

«የርቀት» አልኩ። «ብርሃን በአንድ ዓመት የሚሄደው መንገድ ነው። ዘጠኝ ትሪሊዮን ተኩል ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።»

«ተሳስተሻል። ሰብለወንጌል?»

ሰብለወንጌል እኔን አየችኝ፤ ዳኛውን አየች። «የ... የጊዜ?»

«ትክክል!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔ አልተቀመጥኩም። ቤት ውስጥ እልኸኛ ይሉኛል፤ ደግሞም ነኝ።

«ኧረ በአላህ ጋሼ፣ ወረቀቱ ነው የተሳሳተው!»

«ዓመት ጊዜ አይደለም እንዴ ልጄ?»

የእኛን አገር ሰው መንገድ ጠይቁት፤ ኪሎ ሜትር የሚባል ነገር ከአፉ አይወጣም። አባቴም «የሁለት ሰዓት መንገድ ነው» ይልና፣ ጠያቂውን ከእግር እስከ ራሱ አይቶ «ለጎበዝ እግረኛ» ይጨምርበታል። ለዚህ ነው መጽሐፉ ላይ ሳነበው ያልከበደኝ። እዚህ መንገደኛው ብርሃን ነው፤ በቃ። ፀሐይ የስምንት ደቂቃ መንገድ ናት። ይኼ ምኑ ይከብዳል?

«ጋሼ፣ መኪና ከሚያቆምበት እስከ ግሸን አናት ምን ያህል ነው?» አልኳቸው።

«የሁለት ሰዓት መንገድ» አሉ ኮራ ብለው። «በየዓመቱ እወጣዋለሁ።»

«እና አሁን የነገሩኝ ሰዓት ነው ወይስ ርቀት?»

አዳራሹ ሳቀ። ያ ሳቅ ነው የጎዳኝ። የአቶ ሽታው ፊት ጠቆረ።

«እዚህ የመጣነው ወረቀት ልናርም አይደለም። ወረቀቱ ጊዜ ካለ ጊዜ ነው። ተቀመጪ!»

ወደ መምህር ሙላት ዞርኩ። ይዘውኝ የመጡት እሳቸው ናቸው፤ ፊዚክስ የሚያስተምሩንም እሳቸው። ባለፈው ወር ይህንኑ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ጽፈው፣ ሥሩን ሁለቴ አስምረውበታል። ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«ቲቸር፣ ይንገሯቸዋ!»

ጎንበስ ብለው የታሰረውን የጫማቸውን ክር ፈትተው እንደገና አሰሩት። ቀና ሲሉም ያዩት ጣሪያውን ነው።

ተቀመጥኩ። ከንዴቴ የተነሳ ጆሮዬ ይጮህ ነበር። ባላውቀው ኖሮ እሺ፤ አጥንቼ እመጣለሁ። ያወቁትን ነገር ተነጥቆ መቀመጥ ግን እንዴት እንደሚያንገበግብ የደረሰበት ያውቀዋል። ሰብለወንጌል የምስክር ወረቀቷን ስትቀበል እንኳ ማጨብጨብ አልቻልኩም፤ እሷ ምንም ሳታደርገኝ።

ወደ ሐይቅ የሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ መምህር ሙላት አጠገቤ ተቀመጡ።  ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ፣ ሐይቁ ከሩቅ ብልጭ ሲል ነው ጉሮሯቸውን የጠረጉት።

«ዙሌ፣ አብሽሪ። መልስሽ ልክ ነበር።»

«ያኔ ለምን አላሉትም?»

«ሚስቴ ደሴ ናት። ዝውውር ስጠብቅ ይኸው ሦስት ዓመቴ። የዝውውሩን ወረቀት የሚፈርሙት ደግሞ አቶ ሽታው ናቸው።» ቀጥለውም፣ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ አይዞሽ» አሉኝ።

«እስኪጠራ ቴሌስኮፑን ማን ያየዋል?»

 ለሚስታቸው አዘንኩ፤ ወላሂ አዘንኩ። ለእሳቸው ማዘን ግን አቃተኝ።

«ቲቸር፣ ከእርስዎ ወንበር እኔ እስከቆምኩበት ምን ያህል ነበር?»

ትንሽ አሰቡ። «ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው።»

«አይደለም» አልኳቸው። «የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። አሁን ገና መድረስዎ ነው።»

ረዳቱ «ሐይቅ ወራጅ!» ሲል ቀድሜያቸው ወረድኩ።