በዘፈቀደ የወጡት አራት ፊደሎች

የሙከራ ጊዜዬ የሚያበቃው በዚያ ቀን ነበር። አለቃችን የቅጥር ደብዳቤዬን ከፈረሙና ማህተም ካሳረፉበት ቋሚ ሠራተኛ እሆናለሁ፤ አለዚያ ዕቃዬን ሰብስቤ ወደ ቤት።

የልብስ መቀየሪያው ክፍል ሳጥኖች ቁጥር የላቸውም፤ የሚለያቸው የሚከፈቱበት ኮድ ብቻ ነው። ኮዱን የምታወጣው እኔ የጻፍኳት አጭር የኮምፒውተር ስክሪፕት ናት፤ ለእያንዳንዱ ሳጥን አራት ፊደል በዘፈቀደ ትሰጣለች። ሠራተኛው ኮዱን ይዞ የሚከፈትለትን ሳጥን እስኪያገኝ ይሞክራል።

አለቃዬ ከጀርባዬ ቆመው፣ “እስቲ አስነሺው” አሉኝ። አስነሳሁት። “ድገሚው።” ደገምኩት። ፊታቸው ጠቆረ።

“ሌላ ፊደል መጣ!”

“በዘፈቀደ ስለሆነ ነው፣ ጋሼ።”

“ዘፈቀደም ቢሆን ሥርዓት አለው! ኦዲተር ‘የትኛው ነው ትክክለኛው?’ ቢለኝ ምን ልበል? ‘እንደ ስሜቷ ነው የምታወጣው’ ልበል?”

“ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከወጣ እኮ…”

“እኔ አንቺን ቋሚ ላደርግ ነው፤ አንቺ አራት ፊደል ቋሚ ማድረግ ያቅትሻል?”

በተከራካሪነት አልታማም። ፊደሎቹ በዘፈቀደ የሚመዘዙበትን መነሻ አንድ ቁጥር ላይ ቸነከርኩት። ስክሪፕቷ ለየሳጥኑ ከዚያው ቁጥር ስለምትነሳ ለሁሉም ያው ወጣ፦ ቀ፣ ጠ፣ ሙ፣ ሬ።

“አሁን ገና ዘፈቀደ ሆነ!” አሉ።

“ግን ጋሼ፣ ማንም የማንንም ሳጥን ሊከፍት ነው።”

“በአንድ መሥሪያ ቤት ምን መደባበቅ አለ?” ብለው ፈረሙልኝ። “ማህተሙ ኮቴ ኪስ ውስጥ፣ ሳጥኔ ውስጥ ነው። ከሰዓት እንወርዳለን።”

ኮዱ ሳጥኖቹ ላይ ተጭኖ ለሠራተኛው ሁሉ ከታደለ በኋላ፣ ከሰዓት ወረድን። የነካነው ሳጥን ሁሉ ተከፈተ። ጃንጥላ፣ የሴት ጫማ፣ ግማሽ ዳቦ። ኮት ግን የለም።

ኮቱን ያገኘነው በር ላይ ነው፤ ዘበኛው ለብሶታል። እጅጌው ብቻ ትንሽ አጥሮበታል።

“አንተ! ኮቴን!”

“የኔ ነው እንጂ ጌታዬ። ኮዴን አስገባሁ፣ ተከፈተ፣ ኮት አገኘሁ። ከድሮው ጃኬቴ ይሻላል፤ ታዲያ ላማርር?”

“ኮዱ ትክክል ነበር?”

“ቀ፣ ጠ፣ ሙ፣ ሬ።”

ኮዱን ያጸደቁት አለቃዬ ራሳቸው ናቸው።

“ትክክል ከሆነማ ምን ይደረጋል” አሉ፤ ወደ እኔም ዞረው፣ “ማህተሙ እሱ ጋ ነው፤ እሱን ጠይቂ።”

ዘበኛው ኪሱን ዳብሶ ማህተሙን አወጣ፤ እፍ አለበት፤ ደብዳቤዬን አገላብጦ አየ።

“ሥራሽን ትወጃለሽ?” አለኝ፣ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ።

“እወዳለሁ፣ ጋሼ።”

ዘበኛው ማህተሙን አሳረፉልኝ። አለቃዬ በሸሚዝ ብቻ ቆመው፣ ክንዳቸውን ከብርዱ አጣጥፈው፣ “እንኳን ደስ ያለሽ” አሉኝ።