በሹሏ የቆመችው ምልክት

እማዋይሽ የካምፑን ቢሮ በር ሳታንኳኳ ገባች። ባሏ ባየ የመንግሥት ቡና እርሻ ትራክተር ተገልብጦበት ከሞተ ገና አርባው መውጣቱ ነው፤ የካምፑ ኃላፊ ካሣዬ ደግሞ፣ የእጁን ይስጠውና፣ «ቤቱን ልቀቂ» ብሏታል። ቂሙ የታወቀ ነው። ባየ በስብሰባ ፊት «ጓድ ካሣዬ የእርሻውን ናፍጣ ይሸጣል» ብሎ ሂስ አውርዶበት ነበር። ከዚያች ቤት በቀር እሷና ልጆቿ መውደቂያ የላቸውም።

ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ወረቀት ተዘርግቷል። በላይነህ የሚባል የአዲስ አበባ ባለሙያ የእርሻው መዝገብ ወደሚመጣው ኮምፒዩተር እንዲገባ የአሠራሩን ሥዕል ያዘጋጃል። «ሠራተኛ» የሚል ሳጥን፣ «ቤት» የሚል ሳጥን፣ በመካከላቸው መስመር፤ መስመሩ ጫፍ ላይ በሹል ጫፏ የቆመች ትንሽ አራት ማዕዘን።

«ባዶዋን ከተውኳት ሠራተኛው ቢሞትም ቢዛወርም ቤቱ ለቤተሰቡ ይቆያል» አለ በላይነህ። «ካጠቆርኳት ሠራተኛው ከመዝገብ ሲሰረዝ ቤቱም አብሮ ይነጠቃል። የቱ ይሁን?»

«አጥቁራት!» አለ ካሣዬ እሷን እያየ።

«የሙት ልጅ ማባረር እንዲህ ጣፈጠህ? አረመኔ!»

«ውጪ ከዚህ፣ ምላሰኛ!»

በላይነህ ብዕሩን አንስቶ ቆም አለ። «ጓድ፣ የቤት ሳጥን አንድ ነው፤ የኃላፊ፣ የለቃሚ ብሎ አይለይም። እርስዎም ወደ ማጂ ሲዛወሩ ከዚህ ይሰረዛሉ፤ ቤትዎም ይሄዳል።»

ካሣዬ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለ። ሚስቱ ጽጌሬዳ የደረሰች ነፍሰ ጡር ናት፤ እስክትወልድ እዚሁ ልትቆይ ነበር። እሰይ! አለች እማዋይሽ በሆዷ፤ የቱንም ያህል ቢጨክን ለገዛ ልጁ ይራራል።

«ባዶዋን ተዋት በለው እንጂ» አለች ድምጿን አለስልሳ። «ለእኔ ብለህ አይደለም፤ ለጽጌሬዳ ብለህ።»

ይኸው ልመና ነው ነገሩን ያበላሸው። የሚስቱን ስም ከባየ ሚስት አፍ ሲሰማ የካሣዬ ፊት ደም መሰለ። ብዕሩን ከበላይነህ እጅ ነጥቆ፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ምልክቷን ራሱ አጠቆራት።

ኮምፒዩተሩ መጥቶ የባየም የካሣዬም ስም ከመዝገቡ ሲሰረዝ፣ ካሣዬ ማጂ በገባ ሰሞን፣ እማዋይሽ አልጋዋን በዝናብ ታወጣ ጀመር። ከማዶ ጽጌሬዳ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ፍራሽ ትጎትታለች።

«እማዋይሽ፣ ማን ነው እንዲህ የፈረደብን?» አለች እያለቀሰች።

«ባልሽ ነዋ! በገዛ እጁ! እኔ እንድወጣለት አንቺን ጨመረ።»

ጽጌሬዳ ፍራሹን ለቀቀችው። እማዋይሽ ዞር ብላ ሳታያት አልጋዋን ተሸክማ በጭቃው ውስጥ አለፈች።