አልጋ ላይ የተገጠመው ዴስክቶፕ

ደንበኞቹ ብሎን ነበር የሚሉት። የኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ ኪሱ ደግሞ ከብሎን ጸድቶ አያውቅም። ሚስቱ ሱሪውን ባጠበች ቁጥር ከሳፋው ሥር ሦስት አራት ትለቅማለች፤ «አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን አንተ ራስህ ተፈታትተህ ታልቃለህ!» እያለች ስትቀልድበት ሃያ ዓመት አለፈ። ሆስፒታል ከገባ ወዲህ ግን ያ ቀልድ አፏ ላይ አልመጣም። ሰውየው እውነትም እየተፈታታ ነበር። ጉበቱ ነው። ጉንጩ ከቀን ወደ ቀን ይሟሽሻል፣ የጋብቻ ቀለበቱ ከጣቱ እየሾለከ ስላስቸገረ ሲስተሯ በፕላስተር አስራለታለች።

ክፉ ነገር ሲመጣ ደግሞ ብቻውን አይመጣ፣ በዚያው ሰሞን የቤታቸው አሮጌ ኮምፒውተር ተቃጠለ። ሚስቱ የመጽሐፍ ገጽ አቀናባሪ ናት፤ ማተሚያ ቤቱ የሚልክላትን ጽሑፍ ቤቷ ቁጭ ብላ ገጽ በገጽ ታሰናዳለች። አንድ ግድግዳ የሚያህል የሕግ መጽሐፍ ገና ግማሹ ላይ ነበረች። ማተሚያ ቤቱ ይጠብቃል፣ ቤቱም በዚያ ሥራ ነው የሚያድረው። ስለዚህ አዲስ ኮምፒውተር መገዛት አለበት፤ አንድ ብቻ፤ ወይ ላፕቶፕ ወይ ዴስክቶፕ።

እሷ ግን ምርጫዋን ጨርሳ ነበር። በዚያው ሳምንት ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ወስዶ፣ የእጅ ጓንቱን እያወለቀ፣ «ሳምንታት እንጂ ወራት አልልዎትም። ቤቱ የሚመለስም አይመስለኝም» ብሏታል። ግድግዳውን ይዛ ከቆየች በኋላ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እባክዎ ዶክተር፣ እሱ እንዳይሰማ። ከሰማ ያኔውኑ ነው እጅ የሚሰጠው።» ሐኪሙ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተና ተወው። «እሺ» አለና ሄደ።

እና ላፕቶፕ ነው የምትገዛው! አልጋው አጠገብ ያለችው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ ትላለች፣ ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ እሱ ሲያንቀላፋ ትሠራለች፣ ሲነቃ ታወራዋለች። የቀሩትን ቀናት አንዷን እንኳ ሳታባክን። ይኸው ነው ሐሳቧ፣ ሌላ የለም። እንዲያው ሳትነግረው ገዝታ ብትመጣ ኖሮ! ግን ለሃያ ዓመት ኮምፒውተር ሲጠግን የኖረን ሰው ሳያማክሩ ኮምፒውተር መግዛት ደግሞ አይሆንም።

«ላፕቶፕ ልገዛ ነው» አለችው፣ ትራሱን እያስተካከለችለት።

«ምን ሆነሻል?» ቀና ለማለት ሞከረ። «ከእኔ ጋር ሃያ ዓመት ኖረሽ ላፕቶፕ?»

«ምን አለበት? ቀላል ነው፣ ቦታ አይዝም…»

«ቤታችን መቼ ጠበበን? ስሚ፣ ላፕቶፕ ማለት አንዱ ነገሩ ሲሞት ሁሉም ይሞታል። ተጣብቆ ነዋ የሚሠራው! ዴስክቶፕ ግን ፓወሩ ቢቃጠል ፓወር ነው፣ ራሙ ቢሞት ራም ነው። ፈታ፣ ቀየር፣ ገጠም፣ አለቀ። አንቺ እንኳ ትችያለሽ።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ያኔ ታርፊያለሽ። ዓይንሽን በመስታወት አይተሽዋል? ደም ለብሷል።»

ደረቅ ነው ብሎን፤ በሥራው ከመጡበት ወይ ፍንክች። እሷም ጥርሷን ነክሳ፣ «እዚህ አጠገብህ ሆኜ እንድሠራ ነው» አለችው። እውነቷን ነው፤ ግን ግማሹን ነው የተናገረችው።

እሱ ጣሪያውን አየ። ከዚያ ፊቱን ወደ እሷ መለሰና ፈገግ አለ። «እዚህ ደግሞ ምን ልትሆኚ? የመድኃኒት ሽታ ልትጠጪ? እኔ እኮ ሁለት ሦስት ሳምንት ነው የቀረኝ፣ ከዚያ ቤቴ ነኝ። ያ ጠረጴዛ ላይ ትልቅ ስክሪን እናደርግና ጎን ለጎን ቁጭ እንላለን። አንቺ ገጽሽን ትሠሪያለሽ፣ እኔ ከጎንሽ ሆኜ እነዘንዝሻለሁ።»

እንግዲህ ምን ትበል? «አይ፣ ላፕቶፕ ነው» ካለች «አንተ ቤት አትመለስም» ማለቷ ነው። ዓይን ዓይኗን ያያታል። ዕንባዋ እንዳይታይ ጎንበስ ብላ የአልጋውን ልብስ ከእግሩ ሥር መጠቅጠቅ ጀመረች።

«በል እሺ፣ ዴስክቶፕ ይሁን» አለች።

ዕቃውን የሱቁ ሸሪክ በካርቶን አሽጎ አመጣው፤ ሃያ ዓመት አብረው የሠሩ፣ ቀርፋፋና ወሬ አብዢ ሰው ነው። ሱቁ ውስጥ ልግጠመው ቢል ብሎን በጄ አላለም፤ ራሴ ካልገጠምኩት አለ። የምግብ ጠረጴዛውን ደረቱ ድረስ ስበው ኬዙን አስቀመጡለት፣ ማዘርቦርዱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። በአንድ ክንዱ ግሉኮስ ይንጠባጠባል፣ በሌላው ካቻቢቴ ይዟል። ሲስተሯ ገብታ ስታይ ክው አለች።

«ጋሼ! ይሄ የሕሙማን ክፍል ነው ወይስ ጋራዥ?»

«ሲስተር፣ አንቺ ሰው ትጠግኛለሽ፣ እኔ ዕቃ እጠግናለሁ። ምን አጣላን? ይልቅ ከዚያ ነጭ ፕላስተርሽ አንድ ጥቅል ስጪኝ፣ እስክሪብቶም ጨምሪበት።»

ሳቀችና ሰጠችው። ሚስቱም አብራ ሳቀች፤ ሽቦዎቹን ሊያስርበት መስሏታል። ድሮ በአንድ ሰዓት የሚጨርሰውን ሥራ ሦስት ቀን ፈጀበት። አንድ ብሎን ያስርና ዓይኑን ጨፍኖ ያርፋል። እሷ ጠጋ ብላ ልታይ ስትል «ሂጂ፣ ሻይ ጠጥተሽ ነይ፤ እላዬ ላይ አትቁሚ» ይላታል። በሦስተኛው ቀን ስትመጣ የኬዙ ክዳን ተዘግቶ አንዲት ብሎን ብቻ ቀርታ ነበር።

«ይቺን አንቺ እሰሪያት» አላት ካቻቢቴውን አቀብሎ። «ወደ ቀኝ… ጠበቅ… ኧረ በስማም፣ አንገቷን ቆረጥሽው እኮ!»

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሕሙማን ሁሉ ሳቁ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ እሱ ሲስቅ አልሰማችም።

ዴስክቶፕ እንግዲህ ቤት ነው የሚቀመጠው። ቤታቸው ደግሞ ከሆስፒታሉ ሁለት አውቶቡስ ይርቃል። ማተሚያ ቤቱ በየቀኑ ይደውላል። ጠዋት ጠረጴዛዋ ላይ ትሰየማለች፤ ሕጉ፣ አንቀጹ፣ ንዑስ አንቀጹ፣ የግርጌ ማስታወሻው… ከሰዓት ለአንድ ሰዓት ትሮጥና አይታው ትመለሳለች። አንዳንድ ቀን ያቺም አንድ ሰዓት አትገኝም። በቀረች ቀን ራሷን እንዲህ ብላ ትደልላለች፤ «ሥራዬን ትቼ ሙሉ ቀን አጠገቡ ብጎለት ይጠረጥራል። እንደ ወትሮው ከሆንኩ ግን የሚድን ይመስለዋል።»

ስትደውልለት ሁልጊዜ የሚጠይቃት ስለ ኮምፒውተሩ ነበር።

«ይሠራል?»

«እንዴት አድርጎ!»

«ድምፁስ?»

«ዝም ያለ ነው። አንተስ፣ ምን ስትሠራ ዋልክ?»

«ተኝቼ ነው የዋልኩት። በይ ሥሪ።»

አንድ ማክሰኞ፣ ረፋድ ላይ፣ መጽሐፉ ሊያልቅ ጥቂት ገጽ ሲቀረው ስልኳ ጮኸ። ሲስተሯ ናት። እንዴት እንደሄደች፣ የትኛውን አውቶቡስ እንደያዘች ዛሬም አታስታውስም። ስትደርስ አንሶላው እስከ ራሱ ድረስ ተስቦ ነበር።

«ማን ነበር አጠገቡ?» አለች።

ሲስተሯ አቀረቀረች። «መድኃኒቱን ልሰጠው ስመጣ ነው ያየሁት» አለች ቀስ ብላ። ማንም አልነበረም ማለቷ ነው።

የሕግ መጽሐፉ ታትሞ ወጣ። ማተሚያ ቤቱ አንድ ቅጂ ላከላት፣ ከነማሸጊያው ቁም ሳጥን ላይ ወረወረችው። ሰው ሊያጽናናት ሲመጣ የምትናገረው ሁሌም አንድ ነገር ነው፤ «ደግነቱ ሳያውቅ ነው የሄደው። ቤቴ እመለሳለሁ እያለ፣ ተስፋ እንዳደረገ።» ያቺን ቃል እንደ ምርኩዝ ይዛ ነው ስምንት ወር የቆመችው። ብቻውን ሞተ፣ አዎ፤ ግን ሳይፈራ ሞተ። እሷ አጠገቡ ያልነበረችው ለዚህ ነው፤ ያ ሁሉ ዋጋ የተከፈለው ለዚህ ነው። በዚህ ሰውም አጽናናት፣ እሷም ተጽናናች።

በስምንተኛው ወር ኮምፒውተሩ አልነሳ አለ። ማብሪያውን ብትጫነው፣ ደግማ ብትጫነው፣ ማራገቢያው ዞር ዞር ይልና ስክሪኑ ጨለማ ነው። ሸሪኩ ጋ ልትወስደው አስባ ነበር፤ እሱ ደግሞ ነገ ዛሬ ሲል ሳምንት ያቆየዋል። ከመሳቢያው የብሎንን ካቻቢቴ አወጣች። ያቺን አንገቷን የቆረጠቻትን ብሎን ለመፍታት ብዙ ታገለች። በመጨረሻ ክዳኑ ወለቀ።

ውስጡ ነጭ በነጭ ነው። በየዕቃው ላይ የሆስፒታል ፕላስተር ተለጥፏል፣ በየፕላስተሩ ላይ የብሎን ጽሕፈት፤ ጎበጥ ጎበጥ ያለ። ፓወሩ ላይ፣ «ገመዱን ከግድግዳ ሳትነቅዪ ይሄን እንዳትነኪ!» ማራገቢያው ላይ፣ «ሲጮህ አቧራ ነው። በብሩሽ ጥረጊው፤ አትንፊበት።» ማዘርቦርዱ ላይ በተሰካችው ስስ ራም ላይ፣ «ስክሪኑ ከጨለመ ይቺን አውልቂና ጥርሷን በላጲስ አሽተሽ መልሻት። አይዞሽ፣ አትሰበርም።» ጥግ ላይ የተለጠፈች ትንሽዬ ከረጢት ደግሞ አለች፤ «ትርፍ ብሎን። እንደምትጥዪ አውቃለሁ።»

ሳቅ አመለጣት። ብቻዋን፣ ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ።

ብሎን ለራሱ ምልክት ለጥፎ አያውቅም። ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታና የሚገጥም ሰው ነው። ቤቴ እመለሳለሁ፣ ጎን ለጎን ቁጭ እንላለን ያለ ሰው ይሄን ሁሉ ለማን ነው የጻፈው?

ስልኳን አንስታ ሸሪኩ ጋ ደወለች። ደህና ዋልክ እንኳ አላለችውም።

«ያውቅ ነበር?»

ወሬ የማያልቅበት ሰውዬ ምኑን ብሎ እንኳ አልጠየቃትም።

«ካንቺ በፊት» አለ። «በገባ በሳምንቱ ሐኪሙን ፊት ለፊት ጠይቆታል። እሷ እንዳትሰማ ብሎ አስጠነቀቀኝ። ቆይቶ ደግሞ አንቺም እንደሰማሽ ገባው፤ ፊትሽ ላይ አይቶ። ግን 'እንደማላውቅ ስሆን ቅልል ይላታል፣ ተዋት' አለኝ።»

«ዴስክቶፑስ?»

«ምን መሰለሽ… እኔም ብዬዋለሁ። አንተ ሰውዬ ላፕቶፕ ትግዛና አጠገብህ ትዋልልህ አልኩት። 'እኔማ ላፕቶፑን ነበር የምፈልገው' አለኝ። 'ግን ነገ ሲበላሽባት ማን ይደርስላታል? አንተ እንደሆንክ አንድ ወር ታመላልሳታለህ' ብሎ ሰደበኝ። እና ከሰዓት ከሰዓት በሩን ነበር የሚያየው። አንቺ ያልመጣሽ ቀን ማታ ድረስ ያያል። ስትደውዪ ግን ተኝቼ ነው የዋልኩት ይልሻል።»

ስልኩን ሳትዘጋው ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። ሸሪኩ «ሃሎ? ሃሎ?» ሲል ቆይቶ ዘጋ። ስምንት ወር የተደገፈችበት ምርኩዝ የለም። አላታለለችውም፤ ለካ የተታለለችው እሷ ናት። ሁለት ሰዎች እያወቁ፣ አንዱ ለሌላው ብሎ፣ ያለቻቸውን ሦስት ሳምንት በሁለት አውቶቡስ ርቀት ተቀምጠው ጨረሷት። አንዳቸው አንዲት እውነት ቢተነፍሱ ኖሮ! «ውሸታም!» አለችው። «አንተ ውሸታም!» ከዚያ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ በቀብሩ ቀን እንኳ እንዲያ አላለቀሰችም።

ስታበቃ ፊቷን በክንዷ ጠረገች። ከመሳቢያው ላጲስ ፈልጋ ራሟን አወለቀች፣ ቢጫ የብረት ጥርሶቿን እንደተባለችው አሸት አሸት አደረገችና መለሰቻት። ገመዱን ሰካች። ክዳኑን አልመለሰችም። ማብሪያውን ተጫነች፤ ማራገቢያው ዞረ፣ ስክሪኑ በራ።

ጠረጴዛው ፊት ሁለት ወንበር ነበር፤ አንደኛው እሱ ከሄደ ጀምሮ ከቦታው አልተነሳም። የራሷ ላይ ተቀመጠችና ወደ እሱ ወንበር ዞረች።

«እኔም እኮ ላፕቶፑን ነበር የምፈልገው» አለች።