ወደ 70

በዓይን ሆስፒታሉ የኮምፒውተር ክፍል በር ላይ «ዜሮ ስህተት» የሚል ማስታወቂያ ከተለጠፈ ዓመት አለፈው። የለጠፈው ኃላፊው ነው። ሠራተኛው በዚሁ ምክንያት «ዜሮ» የሚል ስም ቢያወጣለት ሙገሳ መስሎት በሰማው ቁጥር ደረቱን ይነፋል።

ፕሮግራመሯም ከሌሎቹ ጋር ትስቅ ነበር። ሳቋ የቆመው ያሳደጓት አክስቷ ከቀዶ ጥገና ክፍል በር ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለሱ ነው። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። በተቀጠሩበት ቀንና ሰዓት ይመጣሉ፤ በዚያው ቀንና ሰዓት ግን ሌላ ሰው ተይዟል። ነርሷም «እማማ፣ ተሳስተው ነው» ብላ ትመልሳቸዋለች። ሐኪሙ ደግሞ ይህ ወር ካለፈ ለግራው ዓይን ዋስ አልሆንም ብሏል።

«እኔው ነኝ ልጄ የተሳሳትኩት፤ እርጅና ነው» አሉ አክስቷ።

በማግስቱ ጠዋት የቀጠሮውን ስክሪፕት፣ ቀን የሚያመላልሰውን አጭር ፕሮግራም፣ ከፈተች። ስክሪፕቱ ተላላኪ ነው፦ ከመዝገብ ቤት የታካሚውን ዕድሜ ወስዶ፣ ተገዝቶ ለመጣው ቀጠሮ አውጪ ሶፍትዌር ያቀብልና ቀን ይዞ ይመለሳል። ቀጠሮ አውጪው ዕድሜን በቁጥር ካልሆነ አይቀበልም። ቃል ከተቀላቀለበት ዓይነቱ አልገጠመኝም ብሎ ስህተቱን ይናገራል። መናገሩ ደግ ነበር። ከስክሪፕቱ አናት ላይ ግን ዜሮ በገዛ እጁ የጻፋት አንዲት መስመር አለች፤ ትርጉሟም «ስህተት ካጋጠመህ ዝም ብለህ እለፍ» ነው። ስክሪፕቱ ታዛዥ ነውና ያልፋል። አዲስ ቀን ስላላገኘ በእጁ የቀረውን፣ ከፊት የነበረውን ሰው ቀን ይሰጣል።

የአክስቷን መዝገብ አየች። ዕድሜ፦ «ወደ 70»።

መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ሰው አክባሪ ናት፤ የሽማግሌን ዕድሜ በግምት ቆርጦ መጻፍ ድፍረት ይመስላታል። የተወለዱበትን ዓመት የማያውቁት ሁሉ «ወደ 80»፣ «ከ65 አያንሱም» እየተባሉ ተመዝግበዋል። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች፣ ጉልበታቸው ጭምር የደከመ፣ በሰው ቀጠሮ ሲመላለሱ ከርመዋል።

ማስተካከያው አራት መስመር ፈጀ። ስክሪፕቱ ከቃሉ መሐል ቁጥሩን ለይቶ እንዲያቀብል፣ ቁጥር ካጣ ቆሞ እንዲጠይቅ አደረገችና የዜሮን መስመር ሰረዘች። እንደገና ስታስኬደው ለአክስቷ መጪው ማክሰኞ ወጣላቸው። የሁሉንም ዝርዝር ከነአዲሱ ቀናቸው አትማ ወደ ኃላፊው ገባች።

ዜሮ ወረቀቱን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። «እስከ ትናንት አንድም ስህተት አልነበረንም። ዛሬ አንቺ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት አመጣሽብኝ።»

«ድሮም ነበሩ። አሁን ተስተካክሏል፤ ለሰዎቹ መንገር ብቻ ነው የቀረን።»

«ምን ብለን? ተሳስተን ነበር ብለን?» አለ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «በሳምንቱ መጨረሻ የበላይ አካል ይጎበኘናል። መስመሯን መልሺ፣ ወረቀቱን ቅደጂ። እምቢ ካልሽ ሌላ ሥራ ፈልጊ።»

የአክስቷን ቀን በጎን ይዛ ዝም ማለት ትችል ነበር። አማራትም። ግን ያኔ እሷም ዝም ብለው ከሚያልፉት አንዷ ልትሆን ነው። ወረቀቱን ይዛ ወደ መጠበቂያው አዳራሽ ወረደች፤ አዲስ ቀጠሮ ሊጠይቁ አግዳሚው ላይ ከተደረደሩት መሐል አክስቷም ነበሩ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስምና ቀን ማንበብ ጀመረች። አሥረኛው ስም ላይ ስትደርስ ዜሮ እያለከለከ ደረሰ፤ ከሥራ ተባረሻል እያለም ጮኸ። እሷ ማንበቧን አላቆመችም።

«ማን ነው የሚጮኸው?» አሉ አክስቷ።

«አለቃዬ ናቸው እትዬ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ስህተት አሳይቻቸው አንድም አልታየኝም አሉ።»

አክስቷ ጩኸቱ ወደመጣበት አቅጣጫ ዞረው ራሳቸውን በሐዘኔታ ነቀነቁ።

«በይ የኔን ማክሰኞ ለሳቸው ስጪልኝ» አሉ። «የሳቸው ይብሳል።»